ለካሜራ የሚሆነው ጎን

አዳማ ላይ የሰርግ ወቅት ሲገባ ከሙሽራዋ ቀጥሎ በደንብ የሚታጠበው የጋሪ ፈረስ ነው። ይታጠብ እንጂ፣ ማን ይጠላል! ባጃጅ ከአስፋልቱ ገፍቶ ወደ ጓሮ መንገድ ያባረረው፣ ሲሚንቶና ብሎኬት ሲጎትት የከረመ እንስሳ በአንድ ጠዋት ከነጭራሹ መኳንንት ይሆናል። ጋማው በሻምፑ ይታሻል፣ ግንባሩ ላይ የፕላስቲክ አበባ ይታሰርለታል። የተሰነጠቀ ኮቴውን ሊስትሮ ተጠርቶ በጥቁር ቀለም ይወለውለዋል፤ ሚስማሩ የላላ ጫማውን የሚያይለት ግን አይጠራም፣ ጫማ ፎቶ ውስጥ አይገባማ። አምባላይ ከተገኘ ከቬሎው ጋር ስለሚሄድ ዋጋው ይጨምራል።

ዋናው ጥበብ ከፋዩ ላይ ነው። የጥንት ሹማምንት ፈረሳቸውን በመርገፍ ያስጌጡት ለማዕረግ ነበር፤ የእኛ ቀይ ከፋይ ሥራው ገጣባ መሸፈን ነው። ፎቶ አንሺው ግን ዓይነ ስለታም ነውና ጫፉን ገለጥ አድርጎ ያያል።

«ጋሼ፣ ደህናውን ጎኑን ያዙሩልን!»

«ሁለቱም ያው ነው፣ ልጄ።»

ችግር የለም፤ ቬሎው ረጅም ነው፣ ይዘረጋበታል። ዝንቡን ኤዲተሩ ያነሣዋል።

ሐኪሞች ይህን ደስታ ማበላሸት ይወዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ፣ በ28 ከተሞች ከ19 ሺህ በላይ የጋሪ ፈረሶች የታዩበት ጥናት፣ በፈንገስ የሚመጣው የቆዳ ቁስል በሽታ ሞጆ ላይ ከመቶ 39 ያህሉን ይዟቸው ማግኘቱን ይናገራል። ዕቃው የላጠው ቆዳ ለበሽታው በር ይከፍታል፣ ዝንብም ከአንዱ ወደ ሌላው ያደርሰዋል። ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ፤ ከአዳማ ሩቅ አይደለም። ቢሆንም ሐኪም ዘንድ የሄደ ፈረስ ቁስሉ ላይ መድኃኒት ተቀብቶ ይመለሳል፤ የመድኃኒቱ ቀለም ደግሞ ከሚዜዎቹ ከረባት ጋር አይሄድም።

አሁን ሙሽራው ይወጣል። ፈረሱን ሁለት ሚዜ፣ ሙሽራውን ሦስት ሚዜ ይይዛል። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ የተባሉት በፈረሳቸው ስም ነው፤ የእኛ ጀግና አባ ስቱዲዮ ቢባል የሚበዛበት አይመስለኝም። እሱም ታሪክ ያውቃል፤ በ1923 ዓ.ም. አራዳ ላይ የተመረቀው የምኒልክ ሐውልት ፈረስ የፊት እግሮቹን አንሥቶ መቆሙን አይቷል፣ ይኸኛውም እንዲያው እንዲያደርግለት ይፈልጋል። ሳምንቱን ሙሉ ብሎኬት የጎተተ ጉልበት! ልጓሙ ይሳባል፣ ፈረሱ ጥርሱን ያሳያል። «ሳቀ፣ ሳቀ! ቶሎ አንሣው!»

ድሮንም ከላይ ያንዣብባል። ፈረሱ ይበረግጋል፤ ይህም «አክሽን» ተብሎ ቪዲዮው ውስጥ ይገባል።

ፀሐዩ ሲከር ከፋዩ ይገፈፍና ለሚቀጥለው ሰርግ ይታጠፋል። ከገጣባው ጋር ተጣብቆ የደረቀው ጥግ ሲላቀቅ ፈረሱ ቆዳውን ያርገፈግፋል፤ ይህን የሚቀርጽ የለም፣ ሙሽሮቹ ወደ አዳራሽ ሄደዋል። ባለጋሪው ሒሳቡን ቆጥሮ ተቀበለና አንገቱን ቀለስ አድርጎ፣ «የፉርሽካ ትንሽ ብትጨምሩልኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ አልቀመሰም» አለ።

አንደኛ ሚዜው ከልቡ ገረመው። «እንዴ ጋሼ! ሰርግ ላይ አይደል እንዴ የዋለው?»