ልጅ ይዞ ጫግኒ ቤት ስለ መከራየት፦ መጠነኛ ጥናት

ለልጅ የሚመች ሰፈር ምን ዓይነት እንደሆነ የዓለም ሊቃውንት ብዙ ጽፈዋል። መናፈሻውን፣ የእግረኛ መንገዱን፣ የትምህርት ቤቱን ደረጃ እየቆጠሩ ይመዝኑታል። ይህንኑ ሚዛን ተሸክሞ ከእንጅባራ ወደ ጫግኒ የተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ ግን በር ላይ የሚጠብቀው ጥያቄ «ልጁ ያለቅሳል?» የሚል ነው። ጠያቂዋ አከራይዋ ናቸው። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚከተለው ጥናት የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ሁለተኛ ይኖረዋል ብሎም አጥኚው አይጠብቅም።

ነገሩን ከመሬቱ እንጀምር። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ትበርዳለች። ጫግኒ ደግሞ 1600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። መሀላቸው ያለው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ቤተሰቡ ያን ሲጨርስ ወደ 1 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ወርዷል፤ ሙቀቱም ስድስት ዲግሪ ያህል ጨምሯል። የልጁ አያት ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱታል፦ «ልጄን ቆላ ልታወርጂብኝ ነው?» ተቃውሟቸውንም በሁለት ወፍራም ሹራብና በአንድ ጋቢ አስደግፈው ሻንጣ ውስጥ ያስገባሉ። ሹራቡ ጫግኒ ሲደርስ ትራስ ይሆናል። ልጁ የሚለብሰው ጥር 23 ቀን፣ በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓሉን ሲያከብር፣ ለማየት እንጅባራ ሲወጣ ነው፤ ያኔም ጠብቦት ይገኛል።

የአያትን ንድፈ ሐሳብ ሳይንስ በግማሽ ይደግፈዋል። በአገራችን ከ2000 ሜትር በታች ያለ ቦታ ወባማ ተብሎ ይመደባል። የወባ ዋና ወቅት ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። የመምህራን ዝውውርም ክረምቱን ሲጉላላ ከርሞ ቤተሰብ የሚገባው ያው በመስከረም ነው። ስለዚህ መምህሩና የወባ ትንኝ በአንድ ሰሞን ቤት ይፈልጋሉ። ልዩነቱ ትንኟ ለደላላ አለመክፈሏ ነው። ከዚህ የሚገኘው መለኪያ ግልጽ ነው፦ አጠገቡ ያቆረ ውኃ ያለበት ቤት ይለፍ። ከቤቱ ጀርባ ማንጎ ካለ ጥላው ለልጅ መድኃኒት ነው፤ ልጁ ግን ጥላው ሥር አይቀመጥም፤ ቅርንጫፉ ላይ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ማንጎ በጥናቱ በጥቅምም በጉዳትም ተመዝግቧል።

ስለ መንገድ አጭር ነገር እንበል። ከእንጅባራ ተነስቶ ጫግኒን የሚያቋርጠው መንገድ በግልገል በለስ አድርጎ ጉባ፣ የሕዳሴው ግድብ ዘንድ ያደርሳል። የግድቡ መሠረት መጋቢት 2003 ዓ.ም ከተጣለበት ጊዜ አንስቶ ጳጉሜን 2017 ዓ.ም እስኪመረቅ ድረስ ከባድ መኪና በዚህ መንገድ ተመላልሷል። ግድቡ የሚሰጠው ብሔራዊ ኩራት አይካድም። የሦስት ዓመት ልጅ ግን ኩራቱን የሚገልጸው ወደ መኪናው በመሮጥ ስለሆነ የመንገድ ዳር ቤት ከዝርዝሩ ወጥቷል። ትምህርት ቤትን በተመለከተ፣ በአዲሱ ሥርዓት ከአንደኛ ክፍል በፊት ሁለት ዓመት ቅድመ መደበኛ አለ፤ ልጁም የትኛውም ሰፈር ቢኖር በመጀመሪያው ቀን አልገባም ብሎ ያለቅሳል።

አሁን ወደ ዋናው ምዕራፍ። ተከራይ ሰፈር የሚመርጥ እየመሰለው ከደላላ ጋር ይዞራል። ደላላው በር ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጁን ለጊዜው አታንሱት» ብሎ ይመክራል። አከራይዋ ግን ይህን ስልት ከደላላው በፊት ያውቁታል። ቡና እያፈሉ «ከተጋባችሁ ስንት ዓመት ሆናችሁ?» ብለው ይጀምሩና ሒሳቡን በልባቸው ይጨርሱታል። ልጁ ሲገለጥ ፈተናው ይከፈታል። ግድግዳው ገና ኖራ የተቀባ ነው፤ ከሰል ይይዛል? ቧንቧ ከፍቶ ይሄዳል? ሌሊት ይነሳል? ዶሮ ያባርራል? ለዚህ ለመጨረሻው ጥያቄ እውነቱን የመለሰ ወላጅ በናሙናው ውስጥ አልተገኘም።

ከዚህ የወጣው ግኝት ወላጅን ያስከፋል። አበባ የተተከለበት፣ በሩ ቀለም የተቀባ፣ ጸጥ ያለ ግቢ እናትን ያስጎመጃታል፤ ልጁ ግን እግሩን ሳያስገባ «አትንካ!» ይባላል። በአንጻሩ ልብስ በየገመዱ የተሰጣበት፣ የአከራይዋ የልጅ ልጆች ከተከራይ ልጆች ጋር ተደባልቀው ማን የማን እንደሆነ የማይለይበት፣ ግድግዳው አስቀድሞ በከሰል የተሞላ ግቢ አለ። እዚያ ፈተናው ከአንድ ሲኒ አያልፍም። አባት «ጫጫታ ነው» ብሎ ፊቱን ሲያዞር ልጁ ከልጆቹ ጋር ተደባልቋል፤ ከጫማውም አንዱ እግሩ ላይ የለም።

በዚህ ዓይነት ግቢ ደህንነት የሚለካው በካሜራ አይደለም። ልጅ በምሳ ሰዓት ይጠፋል። እናት ትሮጣለች፤ ጎረቤት አይሮጥም። ሦስተኛው ቤት ሲገባ፣ ልጁ በቤቱ አልፈልግም ብሎ ያለቀሰበትን ሽሮ ሌላ ሰው ሲያጎርሰው ይገኛል። ክስተቱ በየሰፈሩ ስለታየ ማብራሪያ አልተሞከረም። በተጨማሪም ማንኛዋም እናት የማንንም ልጅ የመቆጣት ሥልጣን አላት፤ በደብዳቤ አይሰጥም፣ በዝውውርም አይነሳም። ከሌላ አካባቢ የመጣ ልጅ ከጓደኞቹ አገውኛ ሲለምድ ደግሞ፣ ጎረቤት ስለ እነሱ ምን እንደሚያወራ ወላጆቹ ልጁን መጠየቅ ይጀምራሉ። ልጁ ብስኩት ሳይቀበል አይተረጉምም።

ጥናቱ አንድ ገደብ አለው፤ የሚመለከተው መምረጥ የሚችሉትን ብቻ ነው። በ2013 ዓ.ም በመተከል ዞን በደረሰው ጥቃት የተፈናቀሉ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠሩ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ልጅ አዝለው፣ ጫግኒ ራንች መጠለያ ገብተዋል። ለእነሱ ስለ ኖራና ስለ ዶሮ የጠየቀ የለም። ከላይ የተጻፈው ሁሉ የዝውውር ደብዳቤ የያዘ ሰው ጣጣ ነው።

ስለሆነም ደብዳቤ የደረሳችሁ ወላጆች፣ አጎበር አትርሱ፤ ከሹራቡ አንዱን አያት ሳያዩ መልሱ። ደላላው የቱንም ያህል ቢመክራችሁ ልጁን አትደብቁ፤ ስለ ኪራዩ ዋጋ ከማውራታችሁ በፊት ግቢው ውስጥ ልቀቁትና ማን እንደሚጠራው ስሙ።