ነደባና እንግዳ፦ በጁገል የሚያድር ሰው የት እንደሚቀመጥ የቀረበ ጥናት

ስለ ሐረር ያልተጻፈ የለም። ስለ ግንቡ ተጽፏል፣ ስለ ቡናው ተጽፏል፣ ስለ ጅቡ ደግሞ ጅቡ ራሱ እስኪታክተው ተጽፏል። ወደ እንግዳ ማረፊያነት በተለወጠ የሐረሪ ቤት ገብቶ የሚያድር ሰው የት መቀመጥ እንዳለበት ግን የመረመረ ሊቅ ለአጥኚው አልገጠመውም። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ለመሙላት ይሞክራል። ወጪው ሙሉ በሙሉ በአጥኚው ኪስ የተሸፈነ ስለሆነ ግኝቱ ከማንም ተጽዕኖ ነጻ ነው፤ ከፋጢራው በስተቀር።

ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት ዳራ። ጁገል የምንለው በ16ኛው መቶ ዘመን አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ አሠሩት በሚባለው ግንብ የታቀፈውን አሮጌ ከተማ ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘግበው መስጊዶቹን 82፣ የወልዮቹን ማረፊያዎች 102 ብሎ ቆጥሯል። አልጋዎቹን አልቆጠረም።

በከተማይቱ አድረው ማስታወሻ ከጻፉ አውሮፓውያን ቀዳሚው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1855 የዓረብ ነጋዴ መስሎ የሶማሌን ምድር አቋርጦ መጣና ወደ ከተማይቱ ሲቃረብ ሐሳቡን ለውጦ የእንግሊዝ መልእክተኛ ነኝ አለ። የያዘውን ደብዳቤ የጻፈው ራሱ ነበር። አሚር አሕመድ ተቀበሉት፣ ማደሪያ ሰጡት፣ በጎምዛዛ ወተት የራሰና በርበሬ የተነሰነሰበት የማሽላ ቂጣም ቀረበለት። አልጋ አለ፣ ምግብ አለ፣ ባለቤት አለ፤ ስለዚህ ዛሬ በየቅያሱ የምናየው አገልግሎት ያን ጊዜ ተሟልቶ እንደነበር ጥናቱ ያረጋግጣል። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው። ዛሬ እንግዳ ክፍሉን የሚለቅበት ሰዓት በር ላይ ተለጥፎለታል። በርተን የሚለቅበትን ቀን የሚያውቁት አሚሩ ብቻ ነበሩ፤ እሱም 10 ቀን ሙሉ ይለቁኝ ይሆን ወይ እያለ ነው ያደረው።

ከበርተን በኋላ በ1880 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ገጣሚ ራምቦ መጣ። ግጥሙን ትቶ ቡናና ቆዳ ነገደ። ዛሬ «የራምቦ ቤት» እየተባለ የሚጎበኘው ባለፎቅ ሕንፃ የሕንድ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ገጣሚው አንድ ሌሊት እንኳ አላደረበትም የሚሉ አዋቂዎች ብዙ ናቸው። ከዚህ አንድ ሕግ መቅዳት ይቻላል፦ ቤት ታሪካዊ ለመባል ታዋቂ ሰው እንዳደረበት ማስረጃ አያሻውም፣ እንዳላደረበት ማስረጃ ቢገኝም አይጎዳውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የሐረሪ ቤት ሲገቡበት ወንበር የለውም። ጫማ ይወልቃል፤ በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል የሚባለው ቀይ ወለል ይረገጣል፤ ከዚያ ፊት ለፊት በምንጣፍና በትራስ ያጌጡ ከፍታቸው የሚለያይ መደቦች ይጠብቃሉ። ነደባ ይባላሉ፤ አምስት ናቸው። በሩን ፊት ለፊት የሚያየው የአሚር ነደባ የአባወራው ነው፤ የሚገባውንም የሚወጣውንም ከዚያ ሆኖ ይቆጣጠራል። ትልቁ ነደባ ለአብዛኛው ቤተሰብና እንግዳ፣ ትንሹ ለሽማግሌዎችና ለተማሩ፣ የተሸሸገው ለመኝታ ነው። አምስተኛው ከበሩ ጀርባ ነው፤ ጉዳይ ይዞ የመጣ፣ የተላከና ተራው ያልደረሰ ሰው ይቀመጥበታል። ቤቱ ማን ምን እንደሆነ ሳይጠየቅ የሚናገር ነው ማለት ነው። ሆቴል እንግዳውን በቁጥር ይጠራዋል፤ ይህ ቤት ግን ከፍታ ይሰጠዋል፣ የከፈለውን ገንዘብም ከቁም ነገር አይቆጥርም።

አጥኚው በተቀመጠበት ሁሉ ያየው ይህ ነው። የውጭ አገር ጎብኚ ሰተት ብሎ የአሚሩ ነደባ ላይ ይወጣል። ክፋት የለውም፤ ከጀርባው ያሉት የስፌት ሥራዎች ለፎቶ ይመቻሉ። ማንም ምንም አይለውም፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ሰው በዚህ ቤት የዕድሜውን እኩሌታ ይቅርታ ተደርጎለት ነው የሚገባው። ችግሩ የአዲስ አበባው ሰው ነው። በይሉኝታ ያደገ ስለሆነ ቦታ ሲሰጠው እምቢ ማለት አለበት። «እዚህ ይበቃኛል» ብሎ በሩ አጠገብ ኩርምት ይላል። ባላወቀው ሥርዓት የመልእክተኛውን ነደባ መረጠ። ውጤቱ ሳይውል ሳያድር ይታያል። በር ሲንኳኳ የሚከፍተው እሱ ነው። ፔርሙሱን የሚያቀብለው እሱ ነው። አንድ ጎረቤት ልጅ ገብቶ ጀሪካኑን የት ላስቀምጥ ብሎ የጠየቀው እሱን ነበር፤ መልስም ሰጠው። የቤቱ እናት ከጓዳ ብቅ ብለው ሲያዩት፣ «ምነው እዚያ? ውጣ እንጂ አቦ!» አሉት። ሦስት ጊዜ እስኪለመን ጠበቀ። ሁለተኛ ልመና አልመጣም።

የመኝታው ነገር ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይገባዋል። ዋናውን ክፍል ተጠግታ በስተግራ ያለችው ትንሽ ክፍል ክርታት ትባላለች፤ ድሮ ሙሽሮች የጫጉላ ጊዜያቸውን የሚያሳልፉባት ነበረች። ዛሬ አንሶላ ተነጥፎባት፣ የስልክ ቻርጅ ማድረጊያ ተጨምሮላት ለመንገደኛ ትከራያለች። በአሠራሯ ሙሽራዋን ከዓይን ትሰውራለች እንጂ ከጆሮ አትሰውርም፤ የሙሽራ ጉዳይ የሁሉ ጉዳይ ነውና ይህ የንድፍ ጉድለት አይደለም። ብቻውን ለመጣ ጎልማሳ ግን ትከብዳለች። ቤተሰቡ ከግድግዳው ማዶ ነደባ ላይ ሆኖ ሆጃውን እየጠጣ በራሱ ቋንቋ ሲጫወት ያመሻል። አጥኚው ቋንቋውን አይችልም። ነገር ግን «አዲስ አበባ» የሚለውን ቃልና ተከትሎት የመጣውን ሳቅ ለመተርጎም ሊቅ መሆን አላስፈለገውም።

መታጠቢያው ከግቢው ወዲያ ማዶ ነው። ቧንቧ አለ፤ ውኃ ደግሞ በፈቀደው ቀን ይመጣል፤ ከዚያ ውጭ ያለው ቀን ሁሉ የቢጫው ጀሪካን ነው። ሌሊት ግቢውን ማቋረጥ የሚፈልግ ሰው የጅቡን ድምፅ ይሰማል። የጁገል ግንብ ለጅብ መግቢያ ተብሎ የተተወ ቀዳዳ እንዳለው አስጎብኚው ቀን ላይ በኩራት አስረድቶ ነበር። ቀን ሲሰሙት ደስ የሚል መረጃ ነው። ጅብ በዚህ ከተማ ሳይመዘገብ ይገባል፣ ቆሻሻውን ጠርጎ ይበላል፣ ሳይከፍል ይወጣል፣ ስለ አገልግሎቱም ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም፤ ከበርተን ጀምሮ በመጡት እንግዶች ሁሉ ያልታየ ጠባይ ነው።

ቁርስ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው የተባለው፤ የሚቀርበው ግን እናትየው እንግዳው ተርቧል ብለው ሲያምኑ ነው። ሊጡ በዘይት እየታሸ እንደ ሻሽ ይሳሳል፣ እንቁላል ይሰበርበታል፣ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታጠፋል፣ ምጣዱ ላይ ጠርዙ እስኪደርቅ ይገላበጣል፣ ማር ይፈስበታል። ይህ ፋጢራ ነው። አንዱን ለጨረሰ ሁለተኛ ይመጣል፤ ሁለተኛውን ለጨረሰ ሰው «አልወደድከውም እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይቀርባል። ጥያቄውን በቃል መመለስ አይቻልም። የሚመለሰው በሦስተኛው ፋጢራ ነው።

አጥኚው በዚህ ጊዜ ወደ ትልቁ ነደባ ከፍ ተደርጎ ነበር። ለምን እንደሆነ አልተነገረውም፤ ፋጢራው ሳይሆን አይቀርም። ሹመቱን በወጉ ሳያጣጥመው አስጎብኚ ጎብኚዎቹን አስከትሎ ገባ፤ ማረፊያው ለካ ቤተ መዘክርም ነው፣ መግቢያም ይከፈልበታል። አስጎብኚው ግድግዳው ላይ ወደተደረደሩት የቻይና ሳህኖች ጠቆመ፣ ወደ ጥቁሮቹ ገንቦዎች ጠቆመ፣ ለቁርኣንና ለዕቃ ማስቀመጫ ወደተፈለፈሉት መስኮቶች ጠቆመ። በረድፉ መሠረት ቀጥሎ የነበረው ጉንጩን የሞላው አጥኚ ነው። አስጎብኚው ትንሽ አሰበና አለፈው። አንዲት ሴትዮ ግን ፎቶ አነሳችው። ባለ ክፍያ እንግዳ ሲታይ የሚከፈልበት ዕቃ ቢሆን ሒሳቡ እንዴት እንደሚታሰብ ለባለቤቲቱ ጥያቄ ቀርቦ በሳቅ ታልፏል።

ያው አስጎብኚ ከመውጣቱ በፊት ከበሩ በላይ ወደተጠቀለለው ምንጣፍ ጣቱን ቀስሮ፣ ይህ በቤቱ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ እንዳለች ምልክት ነው አለ። አጥኚው ምንጩን ማረጋገጥ ልማዱ ስለሆነ ጎብኚዎቹ ሲወጡ እናትየውን ጠየቀ።

«ማስቀመጫ አጥተን ነው» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ምንጣፉ ከቦታው አልነበረም። ለፀሐይ ወጥቶ ነው ተባለ፤ ሰማዩ ግን ደመና ነበር። ጥናቱ ሁለቱንም ማብራሪያ መዝግቦ ይዟል።