ቀዥቃዣው ጭላዳ

በድሮ ጊዜ በአንኮበር ገደል የሚያድር የጭላዳ መንጋ ነበር። ጭላዳ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር አይገኝም፤ ምግቡም በአብዛኛው ሣር ነው። ሌሊት ገደሉ ላይ ያድራል፤ ሲነጋ ወደ ሜዳው ወጥቶ፣ ቁጭ ብሎ ሣር ሲነጭ ይውላል። በዚያ መንጋ ጨዋ የሚባለው ቁጭ ብሎ የሚነጭ ነበር።

አንድ ግልገል ግን መቀመጥ አልሆነለትም። ሁለት ሦስት ሣር ነጭቶ ይነሣል። የገብሱ ማሳ ሲወዛወዝ ያያል፤ የእረኛው ጅራፍ ሲጮህ ይሮጣል፤ ሲመለስ የት እንደነበረ ጠፍቶበታል። "ቀዥቃዣ" አሉት። እናቱንም "አሳዳጊ የበደለው" እያሉ አንገቷን አስደፏት።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። አንዱ "ዓይነ ጥላ ነው" አለ። ባለ ጎፈሬው አውራ "የጎደለው ዱላ ነው" አለ። ግልገሉ ተመታ። እንባው ሳይደርቅ ተነሥቶ ሮጠ።

አንዲት አሮጊት "እስኪ ለእኔ ስጡኝ" አለች። ቀኑን ሙሉ ዝም ብላ አየችው። ኮሽ ባለ ቁጥር ይነሣል፤ ሮጦ ከመጣ በኋላ ግን ረጋ ብሎ ይነጫል። በማግሥቱ ከመንገዱ አርቃ ከጎኗ አስቀመጠችው።

"ይህችን ጥግ ብቻ ጨርስ።"

ጨረሰ።

"ጎበዝ የእኔ ልጅ! በል እዚያ ድንጋይ ደርሰህ ና።"

ሮጦ መጣ፤ ሌላ ጥግ ሰጠችው። ሲረሳ አስታወሰችው እንጂ አልተቆጣችውም። እናቱም አይታ ዘዴውን ለመደች።

ክረምቱ ሲወጣ አውራው መጣ። "እማማ፣ ዳነ ወይ?"

"ያው ነው፤ ግን ጠግቦ ያድራል። እንቢ ብሎህ አልነበረም ልጄ፣ አቅቶት ነው። ላቃተው ደግሞ መንገድ ያሳዩታል እንጂ አይመቱትም።"

የደብረ ብርሃንና የአንኮበር ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ እንዲህ ያለ ልጅ በቤትም በክፍልም ይገኛል። ሐኪሞች ኤዲኤችዲ የሚሉት ይህ ችግር የአንጎል እድገት ጉዳይ ነው፤ በዘር የመውረድ ዕድሉ ከፍተኛ ነው እንጂ የአስተዳደግ ጉድለት አያመጣውም። ቅብጥብጥ ልጅ ሁሉ ኤዲኤችዲ አለበት ማለት ስላልሆነ ሐኪም ይየው። በክፍል ውስጥ ከመስኮትና ከበር ራቅ አድርጋችሁ ፊት አስቀምጡት፤ ትእዛዝ አንድ በአንድ ስጡት፤ ሲጨርስ ወዲያው አመስግኑት፤ ተነሥቶ የሚንቀሳቀስበት ሥራም አታሳጡት። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው፤ ዱላውን አስቀምጡ።