ለተከበረው የፓርኬ ዋስትና ክፍል

ጉዳዩ፦ የተላጠ ወለልን ይመለከታል

ክቡራን ሆይ፣

ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ሳሎኔ ስለተነጠፈው ምርታችሁ ላቀረብኩት አቤቱታ መልሳችሁ ደርሶኛል። ደጋግሜ ሳነበው ነው የሊቅነታችሁ ልክ የገባኝ።

ደንባችሁ እንዲህ ይላል፦ እንከኑ ጣውላው ከመነጠፉ በፊት የሚታይ ከነበረ፣ ገዢው አይቶ መመለስ ነበረበት፤ ካስነጠፈው ወዶ ተቀብሎታል። ከተነጠፈ በኋላ የታየ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የሠራተኛው ወይም የቤቱ እርጥበት ነው። በፊት ከሆነ የእኔ፣ በኋላ ከሆነም የእኔ። የእናንተ ጥፋት የሚሆንባት ቀን የት ትገኝ ይሆን? በእኛ አቆጣጠር 13ኛ ወር ስላለን ጳጉሜን ላይም ፈልጌ አጣኋት።

ከመቶ 5 ጣውላ እንከን ቢገኝበት በሙያው ልማድ «ያለ ነው» ብላችሁኛል። ሒሳቡን ስከፍል እኔም 5 በመቶ ባጎድል ኖሮ «ያለ ነው» ትሉኝ ነበር?

የላካችሁት መርማሪ ጨዋ ሰው ነው፤ ጫማውን ሸፍኖ ገባ። መስኮቱ ሥር የላይኛው ስስ የኦክ ገጽ ከኮምፔንሳቶው ተገንጥሎ ተነስቷል። ጥፍር ቢያስገቡበት ሥሩ ያልያዘ፣ ደርቆ የሚፈረፈር ኮላ አለ። እዚያ ጋ አልተንበረከከም። የእርጥበት መለኪያውን ይዞ በቀጥታ ወደ ረከቦቱ ሄደ። «ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ። ቡና እንደምናፈላበት ነገርኩት። ፊቱ በራ። «በቤቱ ውስጥ በተደጋጋሚ እንፋሎት የሚለቅ ዕቃ ተገኝቷል» ሲል ጻፈ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

የቤቴ እርጥበት ዓመቱን ሙሉ ከ35 እስከ 55 በመቶ እንዲሆንም ታዝዣለሁ። እኔ በበኩሌ እስማማለሁ፤ የፖቶማክ ሐምሌ ግን ይህን ውል አልፈረመም። ወለሉን እዚሁ አገር ስትሸጡልኝ አየሩን አታውቁትም ነበር?

የቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ያለችው እህቴ «ክሰስ እንጂ!» ትለኛለች። የፌዴራሉ ፍርድ ቤት እሷው ከተማ ነው። ላምበር ሊኩዊዴተርስ የተባለው ሌላ ኩባንያ ከቻይና ያስመጣውን ላሚኔት የገዙ ሰዎች፣ ፎርማልዴሃይድ ይለቃል፣ እንደተባለለትም አይበረክትም ብለው የከሰሱት እዚያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የ36 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ጸደቀላቸው። ታዲያ ከዚህ ውስጥ 14 ሚሊዮኑ ከዚያው መደብር ዕቃ የሚገዛበት ኩፖን ነው። ወለል የበደለው በወለል ተካሰ! ከዚያ ወዲህ ስሙን የቀየረው ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ2024 ኪሳራ ውስጥ ገብቶ የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ።

የምኖርባት ሜሪላንድ በበኩሏ ቤታቸውን ሲያሳድሱ ለተበደሉ ባለቤቶች የካሳ ፈንድ አላት። ፈንዱ የሚክሰው ግን ፈቃድ ያለው የቤት ዕድሳት ተቋራጭ ላጠፋው እንጂ ፋብሪካ ላበላሸው አይደለም። ካሳ ካማረኝ እንግዲህ ፓርኬውን የሠራልኝን ተቋራጭ «አበላሸብኝ» ማለት አለብኝ። ካርቶኖቹን ቀድሞ አስገብቶ ከቤቱ አየር ጋር ያላመደ፣ የሥሩን ወለል ለክቶ የጻፈ፣ ዳር ዳሩን ክፍተት የተወ ሰው ነው። የእናንተን ኮላ በእሱ ስም ላላክክ? ደንባችሁ የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሁለታችን ስንካሰስ እናንተ ከዳር ሆናችሁ ልታዩ።

የምለምነው ትንሽ ነው። መርማሪያችሁ ይመለስና መስኮቱ ሥር ይንበርከክ። ያልተከፈተ ካርቶን ከነመለያ ቁጥሩ አስቀምጬለታለሁ፤ ከዚያም ላይ ኮላውን ይፈትሽ። ያ ካልሆነ ደንቡን ከካርቶኑ ውስጥ አውጡና መደብሩ በር ላይ፣ ከዋጋው ጎን፣ በዋጋው ልክ አድርጋችሁ ለጥፉት።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ

ማሳሰቢያ፦ ይህ ደብዳቤ ከመከፈቱ በፊት በሚገባ መመርመር አለበት። ከፍቶ ያነበበ ሁሉ የተጻፈበትን ወዶ እንደተቀበለ ይቆጠራል።