ሦስት ጣት ወደ ቀኝ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጦም ከአጎቴ ቤት ልፈታ ወደ ላስታዋ ሙጃ ወጣሁ። ብርዱ ጋቢ ላይ ጋቢ የሚያስደርብ ነው። እሳት ዙሪያ ተኮልኩለን ሳለ ስልኬ ጮኸ። የአጎቴ የወንድም ልጅ ነው፣ ከአሜሪካ፣ ከዴንቨር፣ ያውም በቪዲዮ።

«ጋሼ፣ ጠመንጃዬ ላይ ቀይ ነጥብ አስገጠምኩ!»

ኔትወርኩ እየቆራረጠ አጎቴ ዘንድ የደረሰው «ቀይ ነጥብ» የሚለው ብቻ ነበር። «እከክ እንዳይሆን፤ ቅቤ ተቀባበት» አሉት።

ልጁ እንደገና አስረዳ። ነገሩ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መስታወት ነው። ቀይዋ ነጥብ የምትታየው ለተኳሹ ዓይን ብቻ ነው፤ እንደ ሌዘር ዒላማው ድረስ ሄዳ አታሳብቅም። ኤይምፖይንት የተባለው የስዊድን ኩባንያ ይህን ብልሃት ለገበያ ያወጣው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው፤ እኛ የገጠር መሬት አዋጅ ባወጅንበት ዓመት። እነሱ ነጥብ ሲያበሩ እኛ መሬት እንለካ ነበር። ደግሞም በመስታወቱ ሲያነጣጥሩ አንድ ዓይን መጨፈን አያስፈልግም።

«ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ?» አሉ አጎቴ። «ይኼማ ማየት እንጂ ማነጣጠር አይደለም።»

ዋናው ሥራ ግን መስታወቱንና ጠመንጃውን ማስታረቅ ነው። ሦስት ጥይት ትተኩሳለህ፣ የቀዳዳዎቹን መሐል ታያለህ፣ ከዚያ ብሎኑን ቀጭ ቀጭ ታደርጋለህ። አንዷ ቀጭታ በ100 ሜትር ላይ ጥይቱን ከአንድ ሳንቲሜትር ጥቂት አለፍ ታደርገዋለች። ካልተስማማህ ደግመህ ትተኩሳለህ።

«ስንት ጥይት ጨረስክ?»

«60።»

ቤቱ ጸጥ አለ። የአጎቴ ባለቤት እትዬ ከጓዳ ብቅ ብለው «ማን ሞተ?» አሉ። ሙጃ ላይ 60 ጥይት የሚጮኸው ትልቅ ሰው ሲቀበር ነው፤ ያውም ሟቹ ዘመደ ብዙ ከሆነ።

አጎቴ ከአባታቸው የወረሷት ምንሽር አለቻቸው። ስሟ የመጣው ከኦስትሪያዊው ማንሊኸር ነው። የፈረንሳዩን «ፉዚ ግራ» ውጅግራ ያልን ሕዝብ ስለሆንን፣ ስም ስንጠራ እንኳ ሦስት ጣት ወደ ጎን እንላለን። ምንሽሯም እንደ ስሟ ናት፤ ወደ ግራ ትስታለች። አባታቸው ሲሞቱ የተናዘዙት «100 እርምጃ ከሆነ ሦስት ጣት ወደ ቀኝ፤ ቁልቁል ከሆነ ደግሞ ወደ እግሩ» የሚል ነው። የቁልቁሉ ምክር ልክ ነው። ወደ ዳገትም ሆነ ወደ ቁልቁለት የተተኮሰ ጥይት ከታለመበት ከፍ ይላል፤ ላስታ ውስጥ ደግሞ ሜዳ ከየት ይመጣል? ሦስቱ ጣት ግን የማነጣጠሪያዋ ጥፋት ነው።

ሚሊሻው የአክስቴ ልጅ የ60ውን ጥይት ነገር ሲሰማ ሳቀ። ክላሽ በአራት ጥይት ይስተካከላል አለኝ። የፊት ማነጣጠሪያው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር ጥይቱ በ100 ሜትር ላይ 20 ሳንቲሜትር ይወጣል ወይም ይወርዳል። ሕጉም ቀላል ነው፤ ጥይቱ ወደ ግራ ከሳተ የፊት ማነጣጠሪያውን ወደ ግራ ትገፋዋለህ። «ከስህተትህ አትሸሽም፣ ትከተለዋለህ» አለ፤ ንስሐ አባት መሰለኝ።

አጎቴ የፋሲካ በግ ሊገዙ ገበያ ሲወርዱ እኔና ሚሊሻው ምንሽሯን ይዘን ወደ ገደሉ ዞርን። ባዶ ቀለህ ደግፈን ማነጣጠሪያዋን በመዶሻ ኳ ኳ አደረግናት። በሦስተኛው ጥይት ቀጥ አለች። የማቃናት መንፈስ አድሮብኝ ስመለስ የግድግዳውን ሰዓትም አስተካከልኩ። ያ ሰዓት ከማውቀው ጀምሮ 20 ደቂቃ ይቀድማል፤ ቤተሰቡ ሁሉ ቀንሶ ነው የሚያነበው።

በፋሲካ ማግስት ጎረቤት ተሰበሰበ። አጎቴ በየዓመቱ ማዶ ያለችውን ነጭ ድንጋይ በአንድ ጥይት ይመታሉ፤ ከዚያ ጠላው ይቀዳል። ተንበረከኩ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ሦስት ጣት ወደ ቀኝ አሉ፣ ተኮሱ። አቧራው የተነሣው ከድንጋይዋ በስተቀኝ ነው።

ማንም አልሳቀም፤ ይኼ ከሳቅ ይከፋል። አጎቴ መጀመሪያ ምንሽሯን፣ ቀጥሎ እጃቸውን አገላብጠው አዩ። «ጦሙን ስፈታ ጣቴ ወፍሮ ይሆን?» አሉ።

ማታ ተናዘዝን። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ እሳቸው ግን መዶሻውን አንስተው ለሚሊሻው ሰጡት።

«ወደነበረችበት መልሳት። እሷንስ አቀናችኋት፤ እኔን በስንት ቀጭታ ልታቀኑኝ ነው?»

ምንሽሯ በዚያው ሌሊት ወደ ጠማማነቷ ተመለሰች። ሰዓቱን ግን እኔም ጭምር ረሳሁት። በነጋታው ጎህ ሳይቀድ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ የወልዲያን መኪና ልይዝ ስነሣ፣ እትዬ ቡና እየቀዱ ወደ ግድግዳው ቀና አሉ።

«ቁጭ በልና ጠጣ ልጄ፤ 20 ደቂቃ ይቀድማል።»

ቁጭ አልኩ። ሁለተኛውን ስኒ ስቀበል የመኪናው ጥሩንባ ቁልቁል እየራቀ ተሰማኝ።