ለወፉ ሲባል

ባለካሜራዎቻችን ይመስገኑ! እነሱ ባይኖሩ ደንቆሮ ጫካ ውስጥ ወፍ መኖሩን ማን ይነግረን ነበር? በአቀስታ በኩል አቧራቸውን ቅመው መካነ ሰላም ይገባሉ፤ በማግስቱ ጫካው ወዳለበት ቦረና ሳይንት ፓርክ ወጥተው ከጅብራው ሥር ክንድ የሚያህል ሌንስ ደግነው ይንበረከካሉ። ሱባዔ የገባ ሰው እንኳ ጉልበቱን እንዲህ አይቀጣም።

ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ማንም የሚያነሳው ተራ ነገር ሆኗል። የሚታደነው ረጅም ጭራና ቆልማማ መንቁር ያለው፣ ፈረንጆቹ በተከዜ ስም የጠሩት ትንሹ የአበባ ማር መጣጭ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልት ካገራችን ከወሰዳቸው ወፎች አንዱ ሆኖ በ1814 እ.ኤ.አ. በሳይንስ መዝገብ ሰፈረ። ያኔ ወፍ የሚታወቀው ተገድሎ ነበር። ዛሬ ሠልጥነናል፤ አንዱን ወፍ በሴኮንድ 20 ጊዜ ተኩሰንበት በሕይወት እንለቀዋለን።

ደግሞ ወንዱን ብቻ! ወንዱ በጥላ ሲታይ ከሰል ነው፤ ፀሐይ ስታርፍበት ሐምራዊና መዳብ ይሆናል። ቀለሙ ከላባው አሠራር የሚፈልቅ ነጸብራቅ ስለሆነ፣ ደመና በመጣ ቁጥር ባለካሜራው የወሎን ሰማይ ይረግማል። ሴቲቱ አጠገቡ ከራስ ክምር አበባ እየቀሰመች ብትውል ዞር ብሎ የሚያያት የለም። አመድማ ናታ! አመድማ ላይክ ያመጣል እንዴ?

ወንዱ ከቀረስ? ስልክ ለምን ተፈጠረ! የሌላ ወንድ ዜማ ተቀድቶ ይለቀቃል። ባለርስቱም ወሰኔ ተደፈረ ብሎ ቁርሱን ጥሎ ይመጣል፤ ይፎክራል፣ ይሽከረከራል፣ ተከሳሹን ግን ፈልጎ አያገኝም። ባላጋራው ኪስ ውስጥ ገብቷል። እሱ በባዶ ሆዱ ሲንቆራጠጥ የተነሳው ፎቶ ማታ ይለጠፋል፤ ከሥሩም «ድንገት መጥቶ ፊቴ አረፈ» የሚል ይጻፋል። ድንገት!

ጎጆ ከተገኘማ ቀኑ የሰርግ ቀን ነው። እናቲቱ ለመደበቂያ የመረጠችው ቅጠል ብርሃን ከለከለ ተብሎ ይመለመላል፤ ፊት ለፊት ያለችው ቅርንጫፍም «ትንሽ» ትታጠፋለች። ጫጩቶቹ ለሌንስ ሲገለጡ ለቁራውም መገለጣቸው እውነት ነው። ግን ቁራም እኮ የተፈጥሮ አካል ነው፤ ደግሞም እሱ ሲመጣ ፎቶው ድርጊት ያለበት ይሆናል፣ ውድድርም ያሸንፋል።

ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ለገዛ ስማቸው ነው የሚል ምቀኛ አይጠፋም። ሐሰት ነው። የማታውን ልጥፍ እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ «ብርቅዬ ሀብታችንን ሳንረብሽ እንጠብቅ» ይላል፣ የጎጆው ትክክለኛ ቦታም በካርታ ተያይዟል።