የቴሌቪዥን ዕቅድ ከነሥጋቶቹ

ዕቅድ ማውጣት እንጀራዬ ነው። በየወረዳው ዓመት ሲገባ ዕቅድ የሚያወጣ፣ ሩብ ዓመት ሲሞላ ደግሞ «በተለያዩ ምክንያቶች አልተከናወነም» ብሎ ሪፖርት የሚጽፍ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የእኛ ወረዳው እኔ ነኝ። ታዲያ የመንግሥትን ዕቅድ ስጽፍ ኖሬ የገዛ ቤቴን ቴሌቪዥን በዘፈቀደ ማየቴ ከነከነኝ። ኅዳር ላይ፣ ገብሱ ገብቶ ሰው ትንሽ ትንፋሽ ሲያገኝ፣ የ2018ን ቀሪ ወራት የዕይታ ዕቅድ ላወጣ ተቀመጥኩ። ግብ፣ ዝርዝር ተግባር፣ ባለድርሻ አካላት፣ ሥጋቶች ብዬ ዓምድ አሰመርኩ። ሥጋቱ ብቻውን ገጹን ስለሞላው «አስቻይ ሁኔታዎች» የሚለው ቦታ አላገኘም።

የመጀመሪያው ሥጋት ነፋሱ ነው። ከተማችን ንፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተሰይማለች፤ በስተምዕራብ ከ4,100 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ ቆሞ ያያታል። እዚህ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ የቆርቆሮውን ምስማር አንድ በአንድ ይፈትሻል። የእኛ ዲሽ እግሩ ላይ ሦስት ትልልቅ ድንጋይ ተጭኖበታል፤ አንገቱ በሽቦ ከአጥሩ ግንድ ጋር ታስሯል፤ የኤል ኤን ቢው አፍ ዝናብ እንዳይገባው በጥቁር ፌስታል ተጠቅልሏል። ይህ ሁሉ ተደርጎለትም አንድ ጣት ያህል ዞር ካለ በቃ፣ ቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ይለብስና «ሲግናል የለም» ይላል። ያኔ አንዱ ልጅ ውጪ ዲሹን ይይዛል፣ ሌላው በር ላይ ይቆማል፣ እኔ ከውስጥ እጮኻለሁ። «መጣ! መጣ! ኧረ ሄደ! ወደ ቀኝ! ያንተ ቀኝ አይደለም፣ የዲሹ ቀኝ!» የጎረቤት ውሻ ሳይቀር ይህን ትእዛዝ በቃሉ ያውቀዋል።

ድሮ ዲሹ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ናይልሳትን ነበር የሚያየው። ከ2012 ጀምሮ የአገራችን ጣቢያዎች ኢትዮሳት ወደሚባለው ስርጭት፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወዳለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት መሻገር ሲጀምሩ፣ የከተማው ዲሽ ሁሉ ቀስ በቀስ ዞረ። ዲሽ ሠሪው ያን ሰሞን የያዘው ኩራት ለብቻው ወግ ይወጣዋል፤ ቀጠሮ እንኳ በምልጃ ሆነ። የእኛን ሲያዞር አማቴ ደጅ ላይ ጥጥ እየፈተሉ ነበር። «ምን እያደረግህ ነው ልጄ?» አሉት። «ወደ ምሥራቅ እያዞርኩት ነው እማማ።» «እሰይ! ቤተ ክርስቲያኑስ ሰውስ የሚዞረው ወደ ምሥራቅ አይደል? እስከ ዛሬ ወደ ምዕራብ ዞሮ ነው ወሬው ሁሉ ክፉ ክፉ የሚሆነው።» ወሬው ከዚያ በኋላ እንዳልተሻሻለ ብነግራቸው «ገና ነው፣ ይለምዳል» አሉኝ።

ሁለተኛው ሥጋት መብራት ነው። እሱን አንባቢም በየሰፈሩ ስለሚያውቀው አላደክምም።

ሦስተኛው ሥጋት አማቴ ናቸው። በዕቅዱ ላይ «ባለድርሻ አካል» ብዬ ነው የጻፍኳቸው፤ ባለቤቴ የምታነበው ወረቀት ነዋ።

አማቴ የቱርክ ድራማ ወዳጅ ናቸው። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ብቅ ብሎ የባዕዱን ድራማ በአማርኛ ሲያናግረው የአዲስ አበባ የጥበብ ሰዎች «የአገር ውስጡን ሥራ ሊገድልብን ነው» ብለው አቤቱታ ማሰማታቸው ይታወሳል። የእነሱ ክርክር የት እንደደረሰ እንጃ፤ በእኛ ቤት ግን ቱርኮቹ ረትተዋል። አማቴ ተዋንያኑን እንደ ባዕድ አያዩአቸውም። አንድ ሽቅርቅር ነጋዴ ኢስታንቡል ላይ ከመኪና ሲወርድ «ይኼ የማን ልጅ ነበር?» ይላሉ። ካስረዳኋቸው በኋላ ዘሩን እስከ አያቱ ይቆጥሩና ከልጅቷ ጋር ዝምድና ይኖረው እንደሆነ ያመዛዝናሉ። ትልቁ ቅሬታቸው ግን ሌላ ነው። «እኔ እምለው፣ በዚያ አገር ሽማግሌ የለም እንዴ? ይኼን ያህል ዘመን ሲቋሰሉ አንድ ገላጋይ ይጥፋ?» እውነታቸውን ነው። ከእኛ ከጋይንት ሦስት ሽማግሌ ዛፍ ጥላ ሥር ቢቀመጥ ያ ሁሉ ቂም ከጠላው ጋር በአንድ ቀን ያልቅ ነበር፤ ድራማውም እንዲሁ።

እሳቸው የማያውቁት አለማለቁ ከቂሙ ብቻ እንዳልሆነ ነው። የቱርክ ድራማ በአገሩ በሳምንት አንድ ቀን የሚታይ ሲሆን አንዱ ክፍል ሁለት ሰዓት ያልፋል። ለውጭ ገበያ ሲቀርብ ግን እንደ ቂጣ ይቆራረስና አንዱ ክፍል ሦስት ሊወጣው ይችላል። እዚያ አርባ ሳምንት የፈጀው እኛ ጋ ከመቶ በላይ ማታ ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሳስረዳቸው በዝምታ ሰሙኝና «ታዲያ ምን ቸገረህ? ብዙ ቢሆን ይሻላል» አሉ።

አሁን ወደ ጉዱ ልምጣ። አማቴ ጾም ያከብራሉ። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ሲገባ ለቴሌቪዥኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጣሉ። ድራማ በጾም አያዩም። አያዩም እንጂ ይሰማሉ። «እኔ አላይም። አንተ እይና ንገረኝ፤ መስማት ፍስክ አይደለም» ብለው ፈርደዋል። ስለዚህ ጾም በገባ ቁጥር የመንግሥት ሠራተኛው አማች እየተመለከተ ሪፖርት ያቀርባል። «አሁን በሩን ከፈተች… ደብዳቤውን አየችው…» «ፊቷስ?» «ገረጣ።» «ይገርጣ! እንኳን! ቀጥል።» ባለቤቴ እኔን የምታምነኝ ለዚህ ሥራ ብቻ ነው። አንድ ቀን የሰለቸኝ ጊዜ አንዱን ክፍል በራሴ ፈጠራ አጋብቼ ልገላገል ሞክሬ ነበር፤ ማግስቱን የጎረቤቷ ሴትዮ ሌላ ታሪክ ይዛ መጣችና ቅሌት ላይ ወደቅሁ። ሁዳዴ ዘንድሮ የካቲት 9 ይገባል፤ እስከ ሚያዝያ 4 ድረስ 55 ቀን በዘጋቢነት እንደማገለግል ከአሁኑ ዕቅዱ ላይ ሰፍሯል።

ኳሱም ከጾም ማምለጥ አልቻለም። የአፍሪካ ዋንጫ ሞሮኮ ላይ ታኅሣሥ 12 ይጀመራል። በክረምቱ ሊደረግ ታስቦ ነበር፤ የክለቦች የዓለም ዋንጫ ያን ጊዜ ስለያዘው ነው ወደዚህ የተገፋው። መጀመሪያው ጾም ላይ ወድቋል፣ ይሁን፤ ኳስ ቅቤ የለውም። መካከሉ ገና ነው፣ እሱም ይሁን። የፍጻሜው ጨዋታ ግን ጥር 10 ነው። ጥር 10! የካፍ ሰዎች ካይሮ ተቀምጠው ሲያቅዱ ከተራ ምን እንደሆነ የነገራቸው የለም ማለት ነው። ታቦታቱ ወርደው፣ ሕዝቡ ከባሕረ ጥምቀቱ ዳር ድንኳን ጥሎ፣ ካህናቱ ማሕሌት ቆመው በሚያድሩባት ሌሊት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ራባት ላይ ፊሽካ ይነፋል። ጉዳዩን በዘዴ ለአማቴ ላነሣ ሞከርኩ። ጥጣቸውን አስቀምጠው አዩኝ። «ታቦት ውሃ ዳር አድሮ አንተ ሞሮኮ ልታድር ነው?»

ይህን ተግባር «በልዩ ትኩረት የሚታይ» ብዬ አልፌዋለሁ። በእኛ ቋንቋ ምን ማለት እንደሆነ የመሥሪያ ቤት ሰው ያውቃል።

ዋልያዎቹ ሞሮኮም የሉም፣ በመጪው ክረምት የዓለም ዋንጫም የሉም። ስለዚህ በውሰት አገር ነው የምንደግፈው። እኔ ዘንድሮ ኬፕ ቨርዴን ይዣለሁ። ጥቅምት 3 ለዓለም ዋንጫ ማለፏን ስሰማ ሕዝቧን አጣራሁ፤ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው። ዞናችን ደቡብ ጎንደር ብቻውን በ1999ኙ ቆጠራ ከሁለት ሚሊዮን በላይ ነበር። ሒሳቡ ለሚመለከተው ሁሉ ግልጽ ስለሆነ አስተያየት አልጨምርም። ጎረቤቴ ግን ጨምሯል። «እነሱ ደሴት ስለሆኑ ነው፤ ኳሱ ባሕር እንዳይገባ ስለሚጠነቀቁ ቅብብል ለመዱ» ይላል። እሱ ዲኤስቲቪ ያስገባ ሰው ስለሆነ አልቃወመውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ የእንግሊዙን ሊግ የማየው እሱ ቤት ነው። የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። በ1996 ያለ ሽንፈት ዋንጫ አንሥተን ይኸው እስከ አሁን ሊጉን አልደገምነውም፤ ያለፉትን ሦስት የውድድር ዘመኖች በተከታታይ ሁለተኛ ወጥተናል። በዕቅዱ ላይ «ዘንድሮ የኛ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከዓምናው ገልብጬዋለሁ። የዓምናውም ከካች ዓምናው የተገለበጠ ነው።

ዋናው ፈተና ክረምቱ ላይ ነው። የዓለም ዋንጫ ሰኔ 4 ሜክሲኮ ሲቲ ላይ ተከፍቶ ሐምሌ 12 ኒው ጀርሲ ላይ ይዘጋል። ድሮ 32 የነበረው ቡድን 48 ሆኗል፣ 64 የነበረው ጨዋታ 104። የአሜሪካ ቀን የእኛ ሌሊት ነውና አንዱ ጨዋታ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ሌላው ሌሊት 7፣ ሌላው ሌሊት 10፣ ጭራሽም ጎሕ ቀዶ ጠዋት 1 ሰዓት የሚጀምር አለ። ይህ ሁሉ በጉም፣ በበረዶና በመብረቅ መካከል። ከባድ ዝናብ ሲጥል የሳተላይቱን ሞገድ ውሃው ይውጠዋል፤ ተጫዋቹ እግሩን እንዳነሣ በትንንሽ ካሬ ተበጣጥሶ ይደርቃል፣ ምስሉ ሲመለስ ጎል አግቢው ተቃቅፎ ይገኛል። ማን እንዳገባ ለማወቅ ዳግም ዕይታውን መጠበቅ ነው፤ እሱም ሲደርስ መብራት ይሄዳል።

የጾመ ሐዋርያትን ነገር ተዉት። እኔን ያስጨነቀኝ የበጀት ዓመቱ ነው። ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የ16ቱ ቡድኖች ጥሎ ማለፍ ደግሞ ሰኔ 27 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል። በእነዚያ አራት ቀናት ውስጥ የዓመቱን አፈጻጸም ሪፖርት የምጽፈው እኔ ነኝ። በየሩብ ዓመቱ «በተለያዩ ምክንያቶች» ስል ኖሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ምክንያቱን በትክክል ላውቀው ነው።

የአገር ውስጥ ድራማ በዕቅዱ ላይ አንድ መስመር ብቻ ይዟል። ስለማልወድ አይደለም። «ሰው ለሰው» በኢቲቪ ሲታይ አበበ ባልቻ የሚጫወተውን አስናቀን አማቴ በእውነተኛ ስሙ እስከ መርገም ደርሰው፣ በኋላ ሰውየው በሌላ ፕሮግራም እንግዳ ሆኖ ሲስቅ ቢያዩት «እንዴት ፈቱት?» ብለዋል። የፋናው «ምን ልታዘዝ» ካፌ ውስጥ ተቀምጦ ስንቱን ጉድ በሳቅ እንደጠቀለለው የማይረሳ ነው። በ2014 በአርትስ ቲቪ የቀረበው «እረኛዬ»ም ቤታችንን ጸጥ አሰኝቷል፤ አዜብ ወርቁ፣ ቅድስት ይልማና ቤዛ ኃይሉ የጻፉት ነው፣ አማቴም ለዚያ ሲሉ ቱርኮቹን ለጊዜው ከድተው ነበር። ችግሩ «ምዕራፍ» የሚባለው ነገር ከመጣ ወዲህ ነው። ልጅቷ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ፣ ሙዚቃው ከፍ ብሎ፣ «ምዕራፍ ሁለት በቅርቡ» ይባልና ጣቢያው ወደ ዱቄት ማስታወቂያ ይሄዳል። በቅርቡ ማለት መቼ ነው? ጎረቤቴ ልጁን ድሮ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ ያች ልጅ አሁንም አፋፉ ላይ ናት። በእኔ በኩል ያለቀ ድራማ ካልሆነ አልጀምርም ብያለሁ፤ አቋሜ ይኸው ነው።

ልጆቹ «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለውን የአሻንጉሊቷን ፕሮግራም ነበር የሚወዱት፤ አሁን አድገው ስልክ ነው የሚፈልጉት። እኔ ግን ስልክ አላምንም። ሐምሌ መጨረሻ 2015 ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ያ ሁሉ ዘመናይ ስልክ ባትሪ ሆኖ ቀርቶ ሰው በየቤቱ አቧራ የጠጣ ሪሞቱን ሲፈልግ አይቻለሁ። እኔም ከዚያ ወዲህ ነው ማታ ማታ ቁጭ ብሎ ማየት የለመደብኝ።

አንድ ደስ የሚል ነገር በዕቅዱ መጨረሻ ላይ አለ። ቀጣዩ የአፍሪካ ዋንጫ በፈረንጆቹ 2027 ኬንያ፣ ታንዛኒያና ዩጋንዳ ላይ ነው። ሰዓታቸው ከእኛ ሰዓት ጋር አንድ ነው፤ ሌሊት መነሣት የለም፣ አማቴም ሳይተኙ ነው የሚታየው። ዋልያዎቹ ይለፉ አይለፉ በዕቅድ አይያዝም።

ዕቅዱ በባለቤቴ ጸድቋል፤ አማቴ ደግሞ ከተራን የሚመለከተው እስኪሰረዝ ድረስ አልፈርምም ብለዋል። ለዲሽ ሠሪው ከወዲሁ ቀጠሮ ይዣለሁ፣ ሽቦም ገዝቻለሁ። የቀረኝ መብራቱ ነው። ንፋስ መውጫ ውስጥ ብዙ የማይጮህ፣ ቤንዚን የማያበዛ ጀነሬተር የሚያከራይ ሰው ካለ ከሰኔ 4 በፊት ቢፈልገኝ እጠቅመዋለሁ፤ ኪራዩን ደመወዝ ሲወጣ እከፍላለሁ።